የከባድ ሃይድሮጅን ምጣኔ፦ ከልደታ ዝናብ እስከ ቬነስ

በሐምሌ የልደታ ኮንዶሚኒየም ጣሪያ ላይ ከሚወርደው ዝናብ ጥቂት ተቀድቶ ቢመረመር፣ ከ6,400 ያህል የሃይድሮጅን አቶሞች አንዱ ከሌሎቹ ከብዶ ይገኛል። ከፕሮቶኑ ጎን ኒውትሮን ስለያዘ ክብደቱ እጥፍ ነው። ሃሮልድ ዩሬ በ1931 እ.ኤ.አ. ያገኘው ይህ አይሶቶፕ ዲዩቴሪየም ይባላል፤ በአማርኛ «ከባድ ሃይድሮጅን»። የከባዱ ብዛት ለቀላሉ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ደግሞ የከባድ ሃይድሮጅን ምጣኔ ነው።

ፕላኔት ውሃ ሲያጣ ይህ ቁጥር ያድጋል።

የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ከፍ ብሎ የወጣውን የውሃ ተን ይሰነጥቀዋል፤ የተላቀቀው ሃይድሮጅንም ወደ ሕዋ ያመልጣል። ማምለጡ ለቀላሉ ይቀናዋል፤ ከባዱ ወደ ኋላ ይቀራል። አረቄ ሲወጣም ቶሎ የሚተነው ቀድሞ ይሄድና ሌላው ማሰሮው ውስጥ ይቀር የለ?

ዛሬ ቬነስ ደረቅ ናት። በ1978 እ.ኤ.አ. የፓዮኒር ቬነስ መንኮራኩር ከባቢ አየሯን ስትለካ ግን ምጣኔው ከምድር ውቅያኖስ 100 ጊዜ ያህል በልጦ ተገኘ። ከምድር በሚመሳሰል ምጣኔ ከጀመረች፣ በአንድ ወቅት ቢያንስ የአሁኑን መቶ እጥፍ ውሃ ነበራት ማለት ነው። ውቅያኖስ ነበራት ብሎ ለመደምደም ግን ይህ ብቻውን አይበቃም።

አዲስ አበባም የራሷ እንቆቅልሽ አላት። ከተማዋ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲና የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት በጋራ በዘረጉት የዝናብ አይሶቶፕ አውታር ውስጥ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለች። በአውታሩ ከተለመዱት ዘዴዎች በአንዱ የወሩ ዝናብ በዕቃ ይጠራቀማል፤ እንዳይተንም ላዩ ላይ ስስ የፓራፊን ዘይት ይደረግበታል፤ ከተነነ ምጣኔው ይዛባላ። ደመና ተራራ ሲወጣ ከባዱን ውሃ ቀድሞ ያዘንባል። ስለዚህ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ዝናብ በከባድ ሃይድሮጅን ድሃ መሆን ነበረበት። የአዲስ አበባው ግን ወደ ውቅያኖስ ውሃ ይጠጋል። ተመራማሪዎች ከሚያነሷቸው ምክንያቶች አንዱ ከኮንጎ ደንና ከሱድ ረግረግ ዳግም ተንኖ የሚመጣው እርጥበት ነው። እዚህ ቁጥሩ ከፍ ያለው ውሃው በመጣበት መንገድ እንጂ ወደ ሕዋ ስላመለጠ አይደለም፤ መነሻው ሳይታወቅ ምጣኔን ማንበብ የሚያሳስተውም ለዚህ ነው።

ማርስ ላይ በዚህ ረገድ ዕድል ቀንቷል። ኪዩሪዮሲቲ የተሰኘችው ተሽከርካሪ በጌል ጉድጓድ ከ3 ቢሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ የሸክላ ድንጋይ ሰርስራ አሞቀችው። የወጣው ውሃ ምጣኔ ከውቅያኖሳችን 3 ጊዜ ያህል ይበልጣል፤ የዛሬው የማርስ አየር ደግሞ 5 ወይም 6 ጊዜ። ማርስ ሸክላው ከመፈጠሩ በፊት ብዙ ውሃ አጥታለች፤ ከዚያ በኋላም ማምለጡ አልቆመም።