የሰንጋ ተራ ሕንፃዎችና የዕድሳት ቁም ነገር

የከተማ ታሪክ በመጻሕፍት ብቻ አይጻፍም፤ በድንጋይና በሲሚንቶም ይጻፋል። ከልደታ ተነሥቶ በሜክሲኮ አደባባይ በኩል ወደ ሰንጋ ተራ የሚዘልቅ መንገደኛ ይህን በግልጽ ይገነዘባል። ስሙ ከብትን የሚያስታውሰው ይህ ሰፈር ዛሬ የባንኮች መናኸሪያ ሆኗል።

እንደሚታወቀው፣ ኢጣሊያኖች በወረራው ዘመን ጀምረውት የነበረው ሲኒማ ቤት ሳይፈርስ ተሻሽሎና ተስፋፍቶ በ1948 ዓ.ም. በቴአትር ቤትነት ተመረቀ፤ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ይኸው ነው። የወራሪ ጅምር የሀገር ጥበብ መድረክ ሆነ ማለት ነው። የሥራው ነዳፊ ፈረንሳዊው አርክቴክት ሄንሪ ሾሜት በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአቅራቢያው ክቡን የባንክ ሕንፃ ሠራ። የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በ1956 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ ተብሎ ለሁለት በተከፈለበት ዘመን የተገነባው ይህ ሕንፃ የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ሆነ።

በየካቲት 2014 ዓ.ም. ደግሞ 209 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የንግድ ባንክ ሕንፃ በዚያው አካባቢ ተመረቀ። ከዚህ ላይ መነሣት ያለበት ጥያቄ ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል የሚል አይደለም። አዲሱ ከፍታ የዛሬውን አቅም ያሳያል፤ ነባሩ ክብ ሕንፃ ያ አቅም የተነሣበትን መሠረት ይመሰክራል። አንዱ ከሌለ የሌላው ትርጉም ይጎድላል።

በልደታ በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በተካሄደው መልሶ ማልማት ያረጁት የቀበሌ ቤቶች ፈርሰው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተተክተዋል። ለነዋሪው የተሻለ ቤት መሥራት ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ጎረቤት ከጎረቤት የተለየበት ሰፈር ትዝታውን የሚያሳርፍበት ምልክት ይሻል፤ ነባር የሕዝብ ሕንፃዎች እንዲህ ያሉ ምልክቶች ናቸው።

ዕድሳት ሲባል ግድግዳ መቀባት ብቻ አይደለም። የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ የውሃ ቧንቧው፣ አሳንሰሩ ሊለወጥ ይችላል፤ የዛገው የአርማታ ብረትም መጠገን አለበት። የሕንፃው ቅርጽ፣ አዳራሹና የጥበብ ሥራው ግን መጠበቅ ይኖርባቸዋል። ይህ የሚቻል ስለመሆኑ የአፍሪካ አዳራሽ ምስክር ነው። በአርቱሮ ሜዜዲሚ ተነድፎ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው፣ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ይህ አዳራሽ፣ የመሬት መንቀጥቀጥን እንዲቋቋም ተጠናክሮ፣ የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም የመስታወት ሥዕልም በክብር ተጠብቆ፣ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ዳግመኛ ተከፍቷል።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ለቅርስ ጥበቃ መሠረት ጥሏል። ሆኖም ሕግ ሥራውን የሚሠራው ሕንፃው ሳይፈርስ ነው። ስለዚህ መሐንዲሱ ከመሣሪያው በፊት ጥናቱን፣ መምህሩ ከመማሪያ ክፍሉ ውጭ ከተማውን፣ የጥበብ ሰው ከሸራው ባሻገር ግንቡን ሊያስብ ይገባል። የፈረሰ ሕንፃ በፎቶግራፍ ይታያል እንጂ ማንም ዳግመኛ አይገባበትም።