ስኳር በዘር ነው ወይስ በአኗኗር? የአንድ ሕዝብ ታሪክ ከሁለት አገር

«በእኛ ቤት ስኳር የዘር ነው፤ ምን ላድርግ?» የሚል አለ። «በዘራችን የለም፤ እኔን አይነካኝም» የሚልም አለ። ሁለቱም የያዙት ግማሹን ነው። ዛሬ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

🔹 ኢንሱሊን አልሰራ ሲል

የበላነው እንጀራ፣ ዳቦ ወይም ፓስታ ተፈጭቶ ወደ ስኳርነት ይቀየርና ደም ውስጥ ይገባል። ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ደግሞ ስኳሩ ወደ ጡንቻ እንዲገባ ያደርጋል። ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ስብ ሲጠራቀም ግን ሰውነት ለኢንሱሊን መታዘዝ ያቆማል። ኢንሱሊን ሬዚስታንስ የሚባለው ይሄ ነው።

ቆሽት መጀመሪያ ላይ ብዙ ኢንሱሊን እያመረተ ይቋቋመዋል። ስለዚህ የስኳር ምርመራችሁ ለዓመታት ደህና ሊመስል ይችላል። ቆሽት ሲደክም ነው ዓይነት 2 ስኳር የሚመጣው።

ልብ ግን እስከዚያ አይጠብቅም። በደም ውስጥ ያለው ስብ (ትራይግሊሰራይድ) ይጨምራል፣ ጥሩው ኮሌስትሮል ይቀንሳል፣ ግፊት ይወጣል፣ የደም ሥር ግድግዳ ይጎዳል። ለዚህ ነው አንዳንድ ሰው ገና በጎልማሳነቱ የልብ ድካም የሚደርስበት።

🔹 አንድ ሕዝብ፣ ሁለት አገር

ፒማ የሚባሉ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አሉ። ከፊሎቹ አሪዞና፣ ከፊሎቹ ሜክሲኮ ተራራ ላይ ይኖራሉ። በዘር በጣም ይቀራረባሉ።

የአሪዞናዎቹ ከጊላ ወንዝ መስኖ እየጠለፉ ያርሱ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሰፋሪዎች ወንዙን ከላይ ጠለፉባቸውና እርሻቸው ደረቀ። ከዚያ በኋላ ኑሯቸው በፋብሪካ ዱቄት፣ በስኳርና በስብ ላይ ወደቀ። የሜክሲኮዎቹ ግን በጉልበታቸው እያረሱ፣ በቆሎና ባቄላ እየበሉ ቀጠሉ።

በ2006 የወጣ ጥናት ሁለቱን አነጻጸረ። ስኳር ያለባቸው አዋቂዎች በአሪዞና 38 በመቶ፣ በሜክሲኮ ደግሞ 7 በመቶ ገደማ ሆነው ተገኙ። ዘሩ ያው ነው፤ የተለየው ኑሮው ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ወደ እስራኤል በሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ላይም ከኑሮ ለውጡ በኋላ ስኳር በፍጥነት ጨምሯል። ያውም ወፍራም ባልሆኑት ላይ ጭምር። «ቀጭን ነኝ» ብሎ መዘናጋት አይሰራም ማለት ነው።

🔹 ታዲያ ዘር ምንም አይሰራም?

ይሰራል። ለስኳር የሚያጋልጡ ብዙ ጂኖች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ግን ድርሻቸው ትንሽ ነው። ከእነሱ የሚለይ አንድ የውርስ ችግርም አለ፦ ከልጅነት ጀምሮ መጥፎውን ኮሌስትሮል በጣም የሚያንር። ከወላጅ ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ይሄኛውን ስፖርት ብቻ አይፈታውም፤ መድኃኒት ይፈልጋል።

🔹 ምን እናድርግ?

አሜሪካ ውስጥ ለስኳር በተቃረቡ ከ3 ሺህ በላይ ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ውጤቱ በ2002 ወጣ። ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተደረጉት በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የተሰጣቸው ደግሞ በ31 በመቶ። አጋላጭ ጂን ያላቸውም ሰዎች በእንቅስቃሴው ተጠቅመዋል።

ስለዚህ፦

👉 ቤተሰብ ጠይቁ። አባት ወይም ወንድም ከ55 ዓመት በፊት፣ እናት ወይም እህት ከ65 በፊት የልብ ሕመም ገጥሟቸው ከነበረ ለሐኪም ንገሩ።
👉 በባዶ ሆድ ተመርመሩ። ከ100 እስከ 125 ከሆነ ቅድመ ስኳር ነው፤ 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በድጋሚ ምርመራ መረጋገጥ አለበት። ኮሌስትሮልና ግፊትም አብራችሁ ታዩ።
👉 ቦርጭ እየመጣ ከሆነ፣ ወይም አንገታችሁ ዙሪያ ቆዳው እየጠቆረና እየወፈረ ከሆነ አትናቁት።
👉 ለስላሳውን በውኃ ቀይሩ፤ አንድ ሁለት ፌርማታ ቀደም ብላችሁ ወርዳችሁ በእግር ሂዱ።

ገበሬ እንደሚያውቀው ዘር ብቻውን አይበቅልም፤ መሬትና ዝናብ ይፈልጋል። ዘራችንን አንመርጥም፤ የሚያበቅለውን ግን በብዙ መልኩ መቀየር እንችላለን።

ዛሬ ማታ እናትና አባታችሁን ስለ ቤተሰባችሁ ጤና ጠይቋቸው። ለወንድም ለእህቶቻችሁም ሼር አድርጉላቸው።