የተማሪው መንገድና የዜግነቱ ጥያቄ

ለትምህርት ርቆ መሄድ ለሐይቅ አዲስ ነገር አይደለም። ገድላቸው እንደሚተርከው አባ ኢየሱስ ሞዓ ከጋይንት ተነሥተው በደብረ ዳሞ ከተማሩ በኋላ፣ በ13ኛው መቶ ዘመን ሐይቅ እስጢፋኖስን የትምህርት ማዕከል አደረጉት፤ ከሸዋ የመጡት አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በዚያው ተምረዋል። የዚያ ዘመን ተማሪ የሚለየው ከቀዬው ነበር።

ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ ግን የሌላ አገር ዜግነት የተቀበለ ኢትዮጵያዊ የቀድሞውን እንደሚያጣ ደነገገ፤ አዋጅ ቁጥር 378/1996ም መርሁን አጸና። ዕዳው የሚከብደው በልጁ ላይ ነው። በውጭ ተወልዶ በትውልድ የዚያን አገር ዜግነት ያገኘ የኢትዮጵያዊ ልጅ፣ አካለ መጠን ካደረሰ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ያንን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን መምረጡን ካላስታወቀ፣ በፈቃዱ እንደ ተወው ይቈጠራል። ይህም የዩኒቨርሲቲ ደጅ የሚጠናበት ዕድሜ መሆኑ ነው! ኢትዮጵያዊነቱን ቢመርጥ፣ ተወልዶ ባደገበት አገር ለመማር እንደ ማንኛውም የውጭ ሰው ፈቃድ ሊጠየቅ ነው።

በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ችግሩን በከፊል አቃልሎታል፤ የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ የያዘ ሰው ለመግባት ቪዛ፣ ለመኖርም ፈቃድ አያሻውም። ቤተሰቡ ከሐይቅ የወጣ እንዲህ ያለ ወጣት በአያቶቹ ቀዬ ሊኖርና ሊሠራ ይችላል፤ በምርጫ ቀን ግን ድምፅ አይሰጥም።