ከሁዳድ እስከ ሮቦት

ስለ ኢንዱስትሪ አብዮት በምናስተምርበት ክፍለ ጊዜ ከተማሪዎች ዘንድ ሳይነሣ የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ወደፊት ሮቦት የሰውን ሥራ ሁሉ ከወሰደ እኛ ምን እንሠራለን?» የሚል ነው። ጥያቄው ስለ መጪው ጊዜ በመሆኑ ብዙዎቻችን «የሳይንስ መምህራችሁን ጠይቁ» ብለን እናልፈዋለን። ነገር ግን ይህ ጥያቄ ከታሪክ መምህር እጅ መውጣት ያለበት አይመስለንም። ሰውና ሮቦት ወደፊት እንዴት አብረው እንደሚኖሩ ማወቅ የሚሻ ሰው አስቀድሞ እስከ ዛሬ እንዴት እንደኖሩ መመርመር አለበትና ነው።

ከቃሉ እንነሣ። «ሮቦት» የሚለውን ስም ለዓለም ያስተዋወቀው ካሬል ቻፔክ የተባለ የቼክ ጸሐፊ ነው። ተውኔቱን የጻፈው በ1920 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ፣ የኛ ነው ካላልን በቀር፣ ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በጥር ወር 1921 በፕራግ ብሔራዊ ቲያትር ታየ፤ ርእሱም «አር. ዩ. አር.» ይባላል። ስሙን የጠቆመው ግን ካሬል ራሱ ሳይሆን ሠዓሊው ወንድሙ ዮሴፍ ነበር። በቼክ ቋንቋ «ሮቦታ» ማለት ጭሰኛው በሳምንት በተወሰኑ ቀናት በጌታው መሬት ላይ ያለ ደመወዝ የሚሠራው የግዴታ ሥራ ነው። ለዚህ ቃል ፍቺ ፍለጋ እኛ ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ አያቶቻችን «ሁዳድ» ይሉት የነበረው ነው። ገበሬው በሬውን ጠምዶ፣ ስንቁን ይዞ፣ የራሱ ማሳ ዝናብ ሳያልፍበት ሊታረስ ሲገባው በመጀመሪያ የጌታውን ሁዳድ ያርስ ነበር። (ዐቢይ ጾም «ሁዳዴ» መባሉን ከዚሁ ቃል ጋር የሚያያይዙ ሊቃውንትም አሉ።) እንግዲህ «ሮቦት» በጥሬ ትርጉሙ «የሁዳድ ሠራተኛ» እንደ ማለት ነው።

የበለጠ የሚያስገርመው ደግሞ ቻፔክ ተውኔቱን ከመጻፉ ከ145 ዓመት በፊት የሮቦት ሕግ ተብሎ የሚጠራ ሕግ መኖሩ ነው። በቦሄሚያ የሚኖሩ ገበሬዎች በ1775 በግዴታ ሥራው ላይ ተነሥተው ዐመፁ። ዐመፁ በወታደር ኃይል ቢደመሰስም ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በዚያው ዓመት «ሮቦት ፓተንት» የተሰኘ አዋጅ አወጣች። አዋጁም የግዴታውን ሥራ እንደ ገበሬው የንብረት መጠን በደረጃ ከፍሎ ከሳምንት ከሦስት ቀን እንዳይበልጥ ወሰነ። ሥራው ጨርሶ የተሻረው በ1848 አብዮት ጊዜ ሲሆን፣ ያን ጊዜም ቢሆን ገበሬው ለነጻነቱ ለባለመሬቱ ከሚከፈለው ካሣ ውስጥ ድርሻውን ከፍሏል። በኛ አገር የጭሰኛና የባለመሬት ግንኙነት በሕግ ያበቃው በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሆኑን ተማሪዎቻችን ያውቁታል። ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሮቦት የሚለው ስም ከመነሻው የብረትና የኤሌክትሪክ ስም አልነበረም፤ አንዱ ለሌላው ያለ ክፍያ የሚደክምበት ግንኙነት ስም ነበር።

የቻፔክ ሮቦቶችም ከብረት የተሠሩ አይደሉም። ሥጋ መሰል ነገር በአንድ ደሴት ፋብሪካ ውስጥ ተቦክቶ የሚበጃቸው፣ መልካቸው ሰው የሚመስል ፍጡሮች ናቸው። ባለፋብሪካው ሰውን ከድካም አወጣለሁ ብሎ ይነሣል፤ ሰዎቹ ግን ሥራ ሲያቆሙ ልጅ መውለድም ያቆማሉ፤ መንግሥታት ሮቦቶቹን ወታደር ያደርጓቸዋል፤ በመጨረሻም ሮቦቶቹ ተነሥተው የሰውን ዘር ይፈጃሉ። ከጥፋቱ የሚተርፈው በእጁ ይሠራ የነበረ አንድ ግንበኛ ብቻ ነው። ዛሬ በየፊልሙ የምናየው ሮቦት በሰው ላይ የሚነሣበት ታሪክ ሁሉ የዚህ ተውኔት የልጅ ልጅ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከተውኔቱ ወደ እውነተኛው ታሪክ ስንሻገር ግን የምናገኘው መኪና በሰው ላይ ሲያምፅ ሳይሆን ሰው በመኪና ላይ ሲያምፅ ነው። የእንግሊዝ ሉዳውያን በመማሪያ መጻሕፍት አንድ አንቀጽ ተሰጥቷቸው «መኪና የጠሉ ኋላ ቀሮች» ተብለው ያልፋሉ። ይህ አገላለጽ ትክክል አይደለም። በ1811 በኖቲንግሃም አካባቢ መዶሻ ያነሡት ሠራተኞች የካልሲ መሥሪያ መኪና ባለሙያዎች ነበሩ። መኪናው በ1589 የተፈለሰፈ ስለሆነ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አብረውት ኖረዋል፤ እንጀራቸውም እርሱ ነበር። ታዲያ ምን አስቆጣቸው? ነጋዴዎቹ በሰፋፊ መኪና ጨርቁን በአንድ ላይ እያሠሩ፣ ከዚያ ቆርጠው እየሰፉ፣ ቶሎ የሚተረተር ርካሽ ካልሲ ለገበያ ማውጣት ጀመሩ፤ ሙያውን በደንቡ ያልተማረ ሰው በአነስተኛ ዋጋ ቀጠሩ፤ ደመወዝም ቀነሱ። ሠራተኞቹ ይሰብሩ የነበረው ይህን የሚያደርገውን ነጋዴ መኪና ለይተው ነው፤ የተስማሙበትን ዋጋ የሚከፍለውን ብዙ ጊዜ አይነኩም ነበር።

የመንግሥቱ መልስ ብርቱ ነበር። ወደ 12,000 የሚጠጋ ወታደር ወደ ረብሻው አካባቢ ዘመተ። በ1812 መኪና መስበር በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል እንዲሆን ሕግ ሲቀርብ ወጣቱ ባለቅኔ ሎርድ ባይረን በላይኛው ምክር ቤት የመጀመሪያ ንግግሩን ያደረገው ይህን ሕግ በመቃወም ነው፤ ሆኖም ሕጉ ጸደቀ። በጥር 1813 በዮርክ ከተማ 17 ሰዎች ተሰቀሉ። ከዚያ በኋላ የመጣው ደግሞ ዝም ያለ ጥፋት ነበር። በ1820ዎቹ በብሪታንያ ከ200,000 በላይ የነበሩት የጥጥ እጅ ሸማኔዎች በምዕተ ዓመቱ አጋማሽ ከ50,000 በታች ወረዱ። «መኪና ሥራ ያጠፋል፣ ግን ሌላ ሥራ ይፈጥራል» የሚለው አባባል በረጅም ዘመን ሲታይ እውነትነት አለው። ይሁንና አዲሱ ሥራ የተፈጠረው ለሸማኔው ልጅ ወይም ለልጅ ልጁ እንጂ ለሸማኔው አልነበረም። አንድ ሰው ደግሞ ዕድሜው አንድ ነው።

እዚህ ላይ ወደ አገራችን ሸማኔ ጎራ ብለን እንመለስ። ዛሬ ከሽሮ ሜዳ ገበያ የሚገዛ ነጠላ ብዙውን ጊዜ ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል ነው። መኪናውና እንዝርቱ በአንድ ጨርቅ ውስጥ ተሸምነው ይገኛሉ። ይህን ያዘዘ አዋጅ የለም፤ ሸማኔው ራሱ የሚረባውን ወስዶ የማይረባውን ትቶ ያገኘው ብልሃት ነው። የእንግሊዙ ሸማኔ የተነፈገው ይህንኑ የመምረጥ ዕድል ነበር።

የሮቦት ዘር ራሱ ከሸማኔ ቤት ይጀምራል። ፈረንሳዊው ጃካር በ1804 የተበሳ ካርቶን እያነበበ ጥለት የሚያወጣ የሽመና መሣሪያ ሠራ፤ ለመኪና በጽሑፍ ትእዛዝ መስጠት የተለመደው ከዚያ ወዲህ ነው። ከካርቶኑ ወደ ማግኔት ከበሮ ለመሻገር መቶ ኀምሳ ዓመት ያህል ፈጀ። በ1954 ጆርጅ ዴቮል የተባለ አሜሪካዊ የፈጠራ መብት ጠየቀ፤ የአሲሞቭን የሮቦት ልብ ወለዶች በፍቅር ያነብ ከነበረው መሐንዲስ ከጆሴፍ ኤንገልበርገር ጋር ተባብሮም «ዩኒሜት» የተባለውን ክንድ ሠራ። ክንዱ በ1961 በኒው ጀርሲ በሚገኝ የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ክብደቱ ወደ ሁለት ቶን ይጠጋል፤ ዐይንም ጆሮም የለው። ሥራው ከቅርጽ ማውጫ የሚወጣውን የጋለ ብረት እያነሣ ማስቀመጥ ነበር፤ ሰው እጁን የሚያቃጥልበትና ጭስ የሚተነፍስበት ሥራ ስለሆነ የተከራከረለት አልነበረም።

ክርክሩ የመጣው በኋላ ነው። በኦሃዮ፣ ሎርድስታውን በተባለ ቦታ የሚገኝ የአውቶሞቢል ፋብሪካ የብየዳውን ሥራ ለዩኒሜቶች ሰጥቶ በሰዓት 100 አውቶሞቢል ለማውጣት ተነሣ። በመጋቢት 1972 ሠራተኞቹ ሥራ አቆሙ። ሮቦቱ ይውጣ አላሉም፤ የሮቦቱ ፍጥነት የሰው ፍጥነት እንዲሆን አንፈቅድም ነው ያሉት። ከሮቦቱ ቀጥሎ የቆመው ሰው በግማሽ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ድርሻውን መጨረስ ነበረበት። እንዲህ ሲሆን ማን ማንን እንደሚያሠራ መለየት ያስቸግራል።

ጃፓን ሌላ መንገድ ሄደች። ካዋሳኪ ኩባንያ ከአሜሪካኖቹ ፈቃድ ገዝቶ በ1969 የአገሪቱን የመጀመሪያ የኢንዱስትሪ ሮቦት አወጣ። ጊዜው የሠራተኛ እጥረት የነበረበት ነው። በትልልቅ ኩባንያዎች ያለው ቋሚ ሠራተኛም እስከ ጡረታው አይባረርም ተብሎ ስለሚታመን ሮቦት ሲመጣ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሮ ይሠለጥናል። ሠራተኞች ለሮቦቶቻቸው የታወቁ ዘፋኞችን ስም ያወጡላቸው ነበር። በ1983 የኒሳን ኩባንያና የሠራተኛ ማኅበሩ በሮቦት ምክንያት ሰው እንዳይባረር ውል ተፈራረሙ። ነገሩን ከመጠን በላይ እንዳናሳምረው ግን ዋስትናው የቋሚው ሠራተኛ ብቻ እንደነበረ፣ ጊዜያዊው እንዳልተካተተበት እናስታውስ። የሆነው ሆኖ ያው ክንድ በአንዱ አገር አድማ፣ በሌላው የዘፋኝ ስም አስገኘ።

አብሮ መኖሩ በሥጋም አደጋ ነበረው። በጥር 1979 በሚቺጋን አንድ ወጣት ሠራተኛ ዕቃ ሊያወርድ መደርደሪያ ላይ ወጥቶ ሳለ በሮቦት ክንድ ተመትቶ ሞተ፤ በ1981 ደግሞ በጃፓን አንድ ጠጋኝ ሠራተኛ ተመሳሳይ ዕጣ ደረሰበት። አይዛክ አሲሞቭ በ1942 በአንድ አጭር ልብ ወለዱ ሮቦት ሰውን እንዳይጎዳ የሚያዙ ሦስት ሕጎችን ደንግጎ ነበር፤ ነገር ግን የፋብሪካው ክንድ ሰው የሚባል ነገር መኖሩንም አያውቅም። ስለዚህ የተገኘው መፍትሔ ከሕግ ይልቅ አጥር ነው። ሮቦቱ በሽቦ ታጥሮ በሩ ሲከፈት ኃይሉ እንዲቋረጥ ተደረገ። ከአጥሩ ውጭ ከሰው ጎን ቆሞ ሲነኩት የሚቆም ቀላል ክንድ ከዴንማርክ ለገበያ የወጣው በ2008 ነው።

ወደ ምሥራቅ አፍሪካ እንምጣ። በሩዋንዳ ከ2016 ጀምሮ ሰው አልባ አውሮፕላኖች ለገጠር ሆስፒታሎች ደም ያደርሳሉ። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ደግሞ በኪጋሊ ሕክምና ጣቢያ ሮቦቶች ከሕሙማን የሰውነት ሙቀት ይለኩ ነበር፤ አንዷ «አካዙባ»፣ ሌላው «ኢኪዜሬ» ተብለዋል፤ ይኸውም በኪንያርዋንዳ «ፀሐይቱ»ና «ተስፋ» ማለት ነው። እዚህ ሮቦቱ የነርሷን ሥራ አልወሰደም፤ ከበሽታው አራቃት። በሌላ በኩል በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ሺህ ወጣት ሴቶችን ሊቀጥር የቻለው የሮቦት ክንድ ለስላሳ ጨርቅ መያዝ ስለሚያዳግተው ነው። ብረት ሲይዝ የሚያስደንቀው ክንድ እጅጌ መገጣጠም ይቸግረዋል። ይህ ችግር የተፈታ ዕለት መጀመሪያ የሚነካው የዲትሮይትን ሠራተኛ ሳይሆን የሐዋሳዋን ልጅ ነው።

በደቡብ ኮሪያ በ2023 ለ10,000 የፋብሪካ ሠራተኞች ከ1,000 የሚበልጡ ሮቦቶች ነበሩ፤ የሥራ አጡ ቁጥር ግን ከ3 በመቶ በታች ነበር። ይህን አኃዝ ለተማሪዎች ስናቀርብ ፍርሃታቸው ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ሮቦት የሚያስገባው አገር ሕዝብና ሥራው የሚወሰድበት አገር ሕዝብ አንድ ላይሆን እንደሚችል አብሮ መነገር አለበት።

በመጨረሻ ናይሮቢን እንመልከት። የዘመኑ ሮቦት በክንዱ ብቻ ሳይሆን በአእምሮው ይሠራል ይባላል። ያ አእምሮ መንገድን ከእግረኛ፣ ጨዋ ንግግርን ከስድብ እንዲለይ ግን ሰው ተቀምጦ ሥዕሉንና ጽሑፉን አንድ በአንድ ምልክት ሊያደርግለት ይገባል። ይህን ሥራ ከሚሠሩት ብዙዎቹ የኬንያ ወጣቶች ናቸው። በሰዓት ከ2 ዶላር በታች እየተከፈላቸው ቀኑን ሙሉ የግድያና የነውር ጽሑፍ ሲያነቡ መዋላቸው በ1923 ሳይሆን በ2023 ተዘገበ። በዚያው ዓመት፣ በሠራተኞች ቀን፣ ከ150 በላይ የሚሆኑ ከዚሁ ዘርፍ የተውጣጡ ሠራተኞች ናይሮቢ ላይ ተሰብስበው ማኅበር ለማቋቋም እጃቸውን አወጡ።