በጭስ ምርመራ የወደቀ ተሽከርካሪን ለበጎ አድራጎት መስጠት፤ የአሜሪካ ሕግና አሠራር

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት የጭስ ልቀት ምርመራ ያላለፈ ተሽከርካሪ ምዝገባው አይታደስለትም። ለጥገና የሚጠየቀው ገንዘብ ከመኪናው ዋጋ የሚበልጥበት ጊዜም ጥቂት አይደለም። በዚህ ጊዜ በርካታ ባለንብረቶች ከሚያስቧቸው አማራጮች አንዱ መኪናውን ለበጎ አድራጎት ድርጅት መስጠት ነው። ሰጪው ከማይንቀሳቀስ ንብረት ይገላገላል፤ ድርጅቱ ገቢ ያገኛል፤ መንግሥትም ለሰጪው ከግብር ላይ ይቀንስለታል የሚል እምነት አለ።

ይሁንና ሦስቱም ጥቅሞች የሚገኙት ሕጉ የሚጠይቀው ሲሟላ ብቻ ነው። ስጦታው ለማን እንደሚጠቅም የሚወስነው ሰጪው የገመተው ዋጋ ሳይሆን መኪናው በመጨረሻ የሚደርስበት ቦታ ነው። ተጠግኖ ወደ መንገድ ይመለሳል፣ በጨረታ ይሸጣል ወይም ተበታትኖ ለመለዋወጫና ለብረት ይውላል። የአሜሪካ የግብር ሕግም ከሃያ ዓመታት ወዲህ የግብር ቅናሹን ከዚሁ መጨረሻ ጋር አስተሳስሮታል።

የጭስ ምርመራው ምንነት

የካሊፎርኒያ ግዛት ትልቋ ከተማ ሎስ አንጀለስ በተራሮች የተከበበች በመሆኗ ከተሽከርካሪዎች የሚወጣው ጭስ በቀላሉ አይበተንም። እ.ኤ.አ በ1943 ከተማዋን የሸፈነው ዓይን የሚያቃጥል ጉም ነዋሪዎችን ካስደነገጠ በኋላ ስለ መንስኤው ጥናት ተጀመረ። ሳይንቲስቱ አሪ ሃገን-ስሚት በ1950ዎቹ መጀመሪያ ባካሄዱት ምርምር ከመኪና የሚወጡት ሃይድሮካርቦንና የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ከፀሐይ ብርሃን ጋር ተዳምረው ለሳንባ ጎጂ የሆነውን ኦዞን እንደሚፈጥሩ አረጋገጡ።

ግዛቲቱ የጭስ ምርመራ መርሐ ግብሯን የጀመረችው እ.ኤ.አ በ1984 ነው። በዚህም መሠረት አብዛኞቹ ተሽከርካሪዎች በየሁለት ዓመቱ ይመረመራሉ። እ.ኤ.አ በ1975ና ከዚያ በፊት የተሠሩ የቤንዚን መኪኖች ከምርመራው ነፃ ናቸው። አዳዲስ መኪኖችም ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከምርመራ ይልቅ መጠነኛ ክፍያ ይፈጽማሉ። ከ2000 ወዲህ የተሠሩት የሚፈተሹት ከመኪናው ኮምፒዩተር በሚገኝ መረጃ ሲሆን፣ ቀደም ባሉት ላይ ግን ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ጋዝ ይለካል።

መኪና በምርመራ የሚወድቅባቸው ምክንያቶች የተለያዩ ናቸው። ያረጀ ካንዴላ፣ የተበላሸ የኦክስጅን ሴንሰር ወይም በሚገባ ያልተከደነ የነዳጅ ታንከር ክዳን በአነስተኛ ወጪ ይስተካከላል። በአንፃሩ አገልግሎቱን የጨረሰ ካታሊቲክ ኮንቨርተር ወይም ዘይት የሚበላ ሞተር ከፍተኛ ወጪ ይጠይቃል። በመሆኑም ባለንብረቱ መኪናውን ለመስጠት ከመወሰኑ በፊት የወደቀበትን ምክንያት በትክክል ማወቅ ይኖርበታል።

የወደቀ መኪና ለማን ሊተላለፍ ይችላል?

በግዛቲቱ ሕግ መኪና ወደ ሌላ ባለቤት ሲተላለፍ ከ90 ቀናት ያላለፈው የምርመራ ማረጋገጫ የማቅረብ ግዴታ በመሠረቱ የሻጩ ነው። መኪናው የሚተላለፈው በባልና ሚስት፣ በወላጅና በልጅ፣ በአያትና በልጅ ልጅ ወይም በእህትና ወንድም መካከል ከሆነ ይህ ግዴታ ይነሳል። የአጎት ልጅ፣ አብሮ አደግና ጎረቤት ግን በዚህ ልዩ መብት ውስጥ አይካተቱም። የቤተሰብ ዝውውርም ቢሆን መኪናውን ከመደበኛው የሁለት ዓመት ምርመራ አያድነውም።

የወደቀ መኪናን በቀጥታ ለችግረኛ ግለሰብ መስጠት መልካም መስሎ ቢታይም ተቀባዩን ለከፋ ችግር ሊዳርገው ይችላል። ተቀባዩ የጥገናውን ወጪ ካልቻለ መኪናውን በስሙ አስመዝግቦ መንዳት አይችልም። ስለዚህ የስጦታ ስም ቢሰጠውም ከባለ አቅሙ ትከሻ ወደ ድሃው የተላለፈ ዕዳ ይሆናል።

የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በአብዛኛው የማይሠሩ መኪኖችንም ይቀበላሉ። ተጎታች መኪና ልከው ከደጅ ያነሳሉ፤ ለዚህም ሰጪውን አያስከፍሉም። ድርጅቶቹ ግን መኪናውን ራሳቸው ሲይዙት እምብዛም አይታይም። ሥራውን በኮሚሽን የሚሠሩ አገናኝ ኩባንያዎች መኪናውን ወደ ጨረታ ወይም ለመለዋወጫ ወደሚበታትኑ ነጋዴዎች ይወስዱታል። የመጎተቻ፣ የማስታወቂያና የኮሚሽን ወጪ ተቀንሶ የቀረው ለድርጅቱ ይሰጣል።

የ2004ቱ የሕግ ማሻሻያ

እ.ኤ.አ እስከ 2004 መጨረሻ ድረስ ሰጪዎች የመኪናቸውን የገበያ ዋጋ ራሳቸው ገምተው ያንኑ መጠን ግብር ከሚታሰብበት ገቢያቸው ላይ ይቀንሱ ነበር። የኮንግረሱ የኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ በ2003 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ2000 የግብር ዓመት 733 ሺህ ያህል ግብር ከፋዮች በዚህ መንገድ ተጠቅመዋል። መንግሥትም በዚህ ምክንያት 654 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ግብር ቀርቶበታል።

ኦዲተሮቹ የ54 መኪኖችን ጉዞ ከሰጪው እስከ መጨረሻው ተከታትለዋል። በሁለት ሦስተኛው ላይ ድርጅቱ ያገኘው ገንዘብ ሰጪው በግብር ማስታወቂያው ካሰፈረው ዋጋ 5 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ተገኝቷል። በአንድ አጋጣሚ እ.ኤ.አ በ1983 የተሠራ የጭነት መኪና በጨረታ የተሸጠው በ375 ዶላር ነበር። ወጪዎች ሲቀነሱ ድርጅቱ የደረሰው 31 ዶላር ከ50 ሳንቲም ብቻ ነው። ሰጪው ግን 2 ሺህ 400 ዶላር እንዲቀነስለት ጠይቆ ነበር።

ይህን ተከትሎ እ.ኤ.አ በ2004 የወጣውና ከጥር 2005 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ሕግ የአሠራሩን መሠረት ቀየረ። ሰጪው ከ500 ዶላር በላይ ተቀናሽ የሚጠይቅ ከሆነ የሚቀነስለት ድርጅቱ መኪናውን የሸጠበት ዋጋ ብቻ ነው። ድርጅቱም በተሸጠ በ30 ቀናት ውስጥ የሽያጩን ዋጋ የሚገልጽ ቅጽ 1098-ሲ ለሰጪው መስጠት አለበት። ሐሰተኛ ማረጋገጫ የሚሰጥ ድርጅት ቅጣት ይጠብቀዋል።

ለምሳሌ ባለቤቱ 2 ሺህ 500 ዶላር ያወጣል ብሎ የገመተው፣ በምርመራ የወደቀ መኪና በጨረታ 700 ዶላር ቢሸጥ ተቀናሹ 700 ዶላር ነው። ይህም ማለት ሰውየው የሚከፍለው ግብር በ700 ዶላር ይቀንሳል ማለት አይደለም። የግብር መጣኔው 22 በመቶ ከሆነ የሚተርፈው 154 ዶላር ይሆናል። መኪናው በ350 ዶላር ቢሸጥና የገበያ ዋጋው 900 ዶላር ቢሆን ደግሞ ሕጉ እስከ 500 ዶላር ድረስ ብቻ እንዲቀንስ ይፈቅድለታል።

ከዚህም ባሻገር ተቀናሹ የሚሠራው ወጪዎቻቸውን በዝርዝር ለሚያስታውቁ ግብር ከፋዮች ነው። አብዛኛው አሜሪካዊ የሚጠቀመው ለሁሉም የተፈቀደውን መደበኛ ተቀናሽ ሲሆን፣ ይህም እ.ኤ.አ በ2025 ላላገባ ሰው 15 ሺህ 750 ዶላር፣ በጋራ ለሚያስታውቁ ባለትዳሮች 31 ሺህ 500 ዶላር ነበር። መደበኛውን ተቀናሽ የሚመርጥ ሰው መኪና በመስጠቱ የሚያገኘው የግብር ጥቅም የለም። እ.ኤ.አ ከ2026 ጀምሮ ለእነዚህ ግብር ከፋዮች የተፈቀደው አነስተኛ ተቀናሽም የሚመለከተው ጥሬ ገንዘብን እንጂ መኪናን አይደለም።

የገበያ ዋጋ የሚታሰብባቸው ሁኔታዎች

ሕጉ ሙሉ የገበያ ዋጋ እንዲቀነስ የሚፈቅደው ድርጅቱ መኪናውን ለተቋቋመበት ዓላማ ሲያውለው ነው። ለዚህም ሦስት ሁኔታዎች ተለይተዋል።

የመጀመሪያው ድርጅቱ ራሱ በመኪናው በስፋት ሲገለገልበት ነው። ለአንድ ዓመት ያህል በየቀኑ ለችግረኞች ምግብ የሚያደርስበት ከሆነ እንደ ምሳሌ ይጠቀሳል። ሁለተኛው መኪናውን የሚሸጠው ዋጋውን በእጅጉ የሚያሳድግ ጥገና አድርጎለት ከሆነ ነው። ማጠብ፣ ቀለም መቀባትና ጥቃቅን ጥገና እንደዚህ አይቆጠርም፤ ወጪውንም ሰጪው መሸፈን የለበትም። ሦስተኛው መኪናውን ለችግረኛ ሰው በነፃ ወይም ከገበያው እጅግ ባነሰ ዋጋ ሲያስተላልፈው ነው።

በጭስ ምርመራ የወደቀ መኪና በእነዚህ መንገዶች ሊጠቅም የሚችለው በቅድሚያ ሲጠገን ነው። የጥገና ባለሙያ ያላቸው ወይም ወጣቶችን በመካኒክነት የሚያሠለጥኑ ድርጅቶች ከሌሎቹ የተሻሉ ሆነው የሚገኙትም በዚህ ምክንያት ነው። በእነርሱ እጅ ጉድለቱ ለሠልጣኙ ትምህርት፣ ለተቀባዩም የሚነዳ መኪና ይሆናል።

ከመስጠት በፊት መታየት ያለባቸው ጉዳዮች

አንደኛ፣ ካሊፎርኒያ ለባለንብረቶች የምታደርገውን ድጋፍ ማጣራት ያስፈልጋል። የግዛቲቱ የአውቶሞቢል ጥገና ቢሮ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ባለንብረቶች የጥገናውን ወጪ በከፊል የሚሸፍንበት፣ በምርመራ የወደቀ መኪናን ከአገልግሎት ለሚያስወጡም ከ1 ሺህ ዶላር በላይ የሚከፍልበት መርሐ ግብር አለው። በዚህ መንገድ የሚወጣው መኪና ተበታትኖ ስለሚወገድ ወደ መንገድ አይመለስም። ባለንብረቱ ክፍያውን ተቀብሎ ገንዘቡን ለመረጠው ድርጅት ቢሰጥ ድርጅቱ ከጨረታው ድርሻ የበለጠ ሊያገኝ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ተቀባዩ ድርጅት በሕግ የታወቀ መሆኑ በፌዴራሉ የገቢ ግብር መሥሪያ ቤት የመረጃ ቋት ሊረጋገጥ ይገባል። አብያተ ክርስቲያናትና መሰል የእምነት ተቋማት በዝርዝሩ ባይገኙም እንኳ ስጦታ የመቀበል መብት አላቸው። ሦስተኛ፣ ከሽያጩ ውስጥ ምን ያህሉ ለድርጅቱ፣ ምን ያህሉ ለአገናኙ ኩባንያ እንደሚደርስ መጠየቅ ተገቢ ነው።

አራተኛ፣ መኪናው በምርመራ መውደቁ ለተቀባዩ በግልጽ መነገር አለበት። አምስተኛ፣ በኢትዮጵያ ሊብሬ ከሚባለው ጋር የሚመሳሰለው የባለቤትነት ሰነድ በድርጅቱ ስም ተፈርሞ መተላለፍ ይኖርበታል። ሰጪው በአምስት ቀናት ውስጥ ዝውውሩን ለተሽከርካሪዎች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ማስታወቅ ግዴታው ነው። ይህን ያላደረገ ሰው መኪናው ከእጁ ከወጣ በኋላ ለሚመጣ የማቆሚያ ቅጣት ተጠያቂ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ጉዳዩ ኢትዮጵያውያንን የሚመለከትበት ሁኔታ

በሎስ አንጀለስና በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በርካታ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። በዋሽንግተን ዲሲና በሰሜን ቨርጂኒያም የጭስ ምርመራ በየሁለት ዓመቱ ይካሄዳል። አሮጌ መኪናን አዲስ ለመጣ ዘመድ መስጠት የተለመደ መደጋገፍ ቢሆንም በግብር ሕግ ፊት ግን ተቀናሽ አያስገኝም። ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ የሚሰጥ መኪና ተቀናሽ የሚያስገኘው ተቋሙ ተገቢውን ቅጽ ሞልቶ ሲሰጥ ነው።

ጉዳዩ ከአሜሪካ ድንበርም ይሻገራል። በጨረታ የሚሸጡ አሮጌ መኪኖች ወደ ሌሎች አገሮች የሚላኩበት ሁኔታ አለ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ በ2020 ባወጣው ሪፖርት እንደገለጸው፣ ከ2015 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት ከአውሮፓ፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል ተሽከርካሪዎች ወደ ውጭ ተልከዋል። ከእነዚህ ውስጥ 40 በመቶ ያህሉ የገቡት ወደ አፍሪካ ነው።

ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. ባወጣችው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍተኛ ታክስ ጥላለች። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች። እነዚህ እርምጃዎች ሌላው አገር የጣለው ጭስ መዳረሻውን እዚህ እንዳያደርግ የሚያግዙ ናቸው።

በአጠቃላይ በጭስ ምርመራ የወደቀን መኪና መስጠት ክልክል አይደለም፤ በአግባቡ ሲፈጸምም ጠቃሚ ነው። የአሜሪካ ተሞክሮ የሚያሳየው ግን ድጎማ በግምት ሲሰጥ መንግሥት ገቢ እንደሚያጣና ችግረኛው ዘንድ የሚደርሰው ጥቂት እንደሚሆን ነው። ቅናሹ ድርጅቱ በተጨባጭ ካገኘው ዋጋ ጋር ሲተሳሰር የተጋነነ ግምት መግቢያ ያጣል። ሰጪውም መኪናውን ከማስረከቡ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ምን ያህል እንደሚቀነስለት ብቻ ሳይሆን፣ መኪናው ከደጁ ከተነሳ በኋላ ማን እንደሚነዳውና ጭሱን ማን እንደሚተነፍሰው ጭምር ነው።