አመዳይ በስሜንና በጉና

ከባሕር ዳር ማልደው ተነሥተው፣ ጣናን በስተግራ እየተዉ በወረታ በኩል ወደ ደብረ ታቦር የሚያቀኑ መንገደኞች፣ ከዚያም ወዲያ ዘልቀው ከጉና ሥር ይደርሳሉ። ሐይቁ በ1800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ተንጣሎ ሲቀር የጉና ጫፍ ከ4100 ሜትር በላይ ነው። ጓደኛሞች ተጠራርተው ጠዋት ደንገል ከበቀለበት ዳርቻ ቢነሡ፣ የዚያኑ ዕለት ጅብራና ጓሳ ባለበት ውርጫም ሜዳ ላይ ቆመው ጋቢያቸውን እየደረቡ ሊጫወቱ ይችላሉ። በረዶ በወረደ ማግስት የወጣ ሰው ደግሞ ተራራው ነጭ ለብሶ ያገኘዋል። ነጩ ልብስ ግን ብዙ አይቆይም፤ ቀልጦ በርብና በጉማራ ወንዞች በኩል ወደ ጣና ይወርዳል።

ይህ በዐይን የሚታይ ነገር በአንድ ወቅት በመጽሐፍ ተክዶ ነበር ቢባል አንባቢ ይገረም ይሆናል። ነገሩ ግን እውነት ነው።

ስለ አገራችን አመዳይ የሚናገረው ጥንታዊ ምስክር በአዱሊስ ወደብ ቆሞ የነበረ የድንጋይ ዙፋን ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ በንጉሥ ካሌብ ዘመን፣ ኮስማስ የተባለው የእስክንድርያ ነጋዴ በዙፋኑ ላይ የተቀረጸውን የግሪክኛ ጽሑፍ ገልብጦታል። ዙፋኑ እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ የጽሑፉ መጀመሪያም ጎድሎ ስለ ነበር ያስቀረጸው የአክሱም ንጉሥ ማን እንደ ሆነ አይታወቅም። ንጉሡ የዘመተባቸውን ሕዝቦች ሲዘረዝር፣ ከወንዙ ማዶ በማይደፈሩ ተራሮች ላይ የሚኖሩትን የስሜን ሰዎች ይጠቅሳል። በዚያ ሁልጊዜ ውርጭና በረዶ እንዳለ፣ የአመዳዩም ጥልቀት ሰውን እስከ ጉልበቱ እንደሚያሰጥም ያወሳል። ወንዙን ዓባይ ይለዋል፤ ሊቃውንት ግን ተከዜ ነው ይላሉ። «ሁልጊዜ» የሚለው ቃል የድል አድራጊ ማጋነን ሊሆን ይችላል። ጉልበት ድረስ የሰጠመ ወታደር ግን የሚዘነጋው ነገር አይደለም።

ከሺህ ዓመት በኋላ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ በጎርጎራ የተቀመጡት ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያንም በስሜን አመዳይ መኖሩን በጽሑፎቻቸው አስፍረዋል። ይህን የተቃወመው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ነው። ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 በልማልሞ በኩል አልፎ ጎንደር ገባ፤ በዚያው ዓመት የጣናን አካባቢ አይቶ እስከ ግሽ ዓባይ ዘለቀ። በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ግን በስሜን አመዳይ አለ መባሉን ሐሰት አደረገው። የብሩስን ውለታ መካድ አይገባም፤ ስለ ጎንደር ዘመን ብዙ ነገር ያቆየልን እርሱ ነው። በዚህ ረገድ ግን ጥፋቱ ግልጽ ነው፤ ከከፍተኞቹ ጫፎች ሳይወጣ ስለ ጫፎቹ ፈረደ። ከኢየሱሳውያን ጋር የነበረው ፉክክርም ሳይገፋፋው አልቀረም።

ለመሆኑ ቃሉስ የለንምን? የግዕዝ ቋንቋ በረዱን «በረድ»፣ ውርጩን «አስሐትያ»፣ እንደ ባዘቶ የሚወርደውን ደግሞ «ሐመዳ» ብሎ ለይቶ ይጠራል። አማርኛችን «አመዳይ» የሚለው ከዚሁ ከሐመዳ የተገኘ ነው። ዳዊት የደገመ የቆሎ ተማሪ ሁሉ ቃሉን ያውቀዋል። የስሜን ገበሬም ገብሱን የሚያደርቅበትን ውርጭና ሜዳውን የሚያነጣውን አመዳይ ለይቶ ለማወቅ የማንንም የጉዞ መጽሐፍ አልጠበቀም። ይህ ጸሐፊ የሚቆጨው ክርክሩ በሙሉ ገበሬው ሳይጠየቅ በሎንዶን ማተሚያ ቤቶች መካሄዱ ነው።

ክርክሩ በዚያው ተፈታ። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ ብሩስን አረመው። ቀጥሎም ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1832 በስሜን አለፈ፤ ዋልያን ለዓለም ሳይንስ ያስተዋወቀ እርሱ ነው። በ1841 ደግሞ ፌሬና ጋሊንዬ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች ራስ ዳሸን ላይ ወጡ። የኋላ ዘመን ተመራማሪዎች በስሜንም በባሌም ተራሮች በጥንቱ የበረዶ ዘመን የግግር በረዶ የተንሸራተተባቸውን ምልክቶች አግኝተዋል። ዛሬ ዓመቱን ሙሉ የሚኖር አመዳይ የለም፤ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆናችን ሌሊት የወረደውን ፀሐይዋ ቶሎ ታነሣዋለች።

በዚህም የተነሣ በአልፕስ ተራሮች ወጣቶች እግራቸውን በሳንቃ ላይ አስረው ቁልቁል የሚንሸራተቱበት ጨዋታ በእኛ ተራሮች አልበቀለም። የሚሰነብት አመዳይ ከሌለ መንሸራተቻው ምን ያደርጋል? ሆኖም አንድ ሰው ሞከረ። በአዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄዶ በዚያ በበረዶ ላይ መንሸራተትን ተማረ። እ.ኤ.አ. በ2006 በቶሪኖ የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በአገር አቋራጭ የበረዶ መንሸራተት ተወዳደረ፤ በክረምት ኦሊምፒክ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። በ2010 በቫንኩቨር ዳግመኛ ቀረበ። አገር ቤት ሲመጣ ልምምዱን የሚያደርገው መንኮራኩር በተገጠመለት መንሸራተቻ ነበር፤ በአስፋልት ላይ።