የተክሌ አቋቋም፦ የታወቀን ዜማ በአዲስ ጆሮ መስማት



በዚህ በሐዋሳው ታቦር ስለ ዜማ ስንነጋገር፣ ስሙን የሚጋራውን ደብረ ታቦርን ማንሣት ግድ ይላል። የተክሌ አቋቋም ሥር የሰደደው እዚያ ነውና።

አለቃ ገብረ ሐናን አብዛኞቻችን የምናውቃቸው በቀልዳቸው ነው፤ ይህም ሊቅነታቸውን የጋረደው ይመስለኛል። በሊቃውንቱ ዘንድ በቃል ሲወርድ በመጣው ታሪክ መሠረት፣ እኚህ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ የጣናን ሞገድና በነፋስ የሚወዛወዘውን ሸምበቆ አስተውለው ለማኅሌት አዲስ የዝማሜ ሥርዓት አወጡ። የጎንደር ሊቃውንት ግን አልተቀበሉትም። አለቃም ሥርዓቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩ፤ ልጁም በደብረ ታቦር አስፋፋው፤ በስሙም ተጠራ። ዛሬ በብዙ አድባራት እንደ ነባር ሥርዓት ይታያል።

እምቢ ያሉትን ሊቃውንት ግትር ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነት መጻሕፍት ተቃጥለው መምህራን ካለቁ በኋላ፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለድጓው የዜማ ምልክት እንደሠሩለት ይነገራል። ከእንዲህ ያለ ጥፋት የተረፈን ነገር ሳይለውጡ መያዝ የህልውና ጉዳይ ነበር።

ሆኖም ምልክቱ ራሱ ምን ይነግረናል? ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት የድምፁን ከፍታና ዝቅታ በትክክለኛ ልክ አይወስኑም። ከቃሉ በላይ በትንንሹ የሚጻፉት ፊደላትም ደቀ መዝሙሩ አስቀድሞ በቃሉ የያዘውን ሌላ ዜማ የሚያስታውሱ ናቸው። መምህር ከሌለ ገጹ ዝም ይላል። ቤተ ልሔም፣ ቆማና አጫብር የቅዱስ ያሬድን ድጓ በየራሳቸው ይትበሃል የሚያዜሙት፣ አንዱም ከያሬድ ወጣ ሳይባል የኖረው፣ ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ኖታው እጅግ የተብራራ በሆነበት በአውሮፓ ሙዚቃ እንኳ ግሌን ጉልድ የባኽን የጎልድበርግ ቫሪየሽኖች በ1955 እና በ1981 እ.ኤ.አ. ሁለት ጊዜ ቀርጿል፤ ኖታው ያው ሆኖ ፍጥነቱም መንፈሱም ተለያይቷል።

ዛሬ ጭንቀቴ ከሌላ አቅጣጫ ነው። ቤተ ልሔም እጅግ ተስፋፍቷል፤ በየስልካችን የምንሰማው ቅጂም በአብዛኛው የእርሱ ነው። አንድን ቅጂ መቶ ጊዜ የሰማ ጆሮ ያንኑ እንደ መጀመሪያውና እንደ ብቸኛው ይቆጥረዋል። ከአጫብር ጉባኤ ቤት የመጣ ደቀ መዝሙር በዚህ ጆሮ ፊት ሲያዜም፣ በትክክል የተማረውን እያዜመ ሳለ፣ «ተሳሳተ» ይባላል። እንዲህ ያለውን ሰው ስታገኙ፣ ከማረማችሁ በፊት ከየትኛው መምህር ዘንድ እንደ ተማረ ጠይቁት፤ መልሱንም መዝግቡልኝ።